አንዷን ክር ፍለጋ

አንጎል እግርን የሚያዘው በአንድ ገመድ አይደለም። በአይጦች ላይ የሚካሄደው የነርቭ ካርታ ሥራ ትእዛዙ በምን ያህል መልእክተኞች እንደሚወርድ፣ አደጋ ሲደርስም ከመልእክተኞቹ ማን እንደሚተርፍ እያሳየን ነው።

የበዓል ዋዜማ ነው። ግቢውን የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ሞልቶታል። አባወራው «በስመ አብ» ብሎ ዶሮውን ያርዳል። ራሱ ከአንገቱ ተለይቶ ሣሩ ላይ ወድቋል፤ አካሉ ግን ገና እጅ አልሰጠም። ክንፉ ይማታል፣ እግሮቹ ይፈራረቃሉ፤ ካልያዙት ወይም ቅርጫት ካልደፉበት ጥቂት እርምጃ ሮጦ ከግድግዳ ይላተማል። ዳር ቆመው ከሚያዩት ልጆች አንዱ ሁልጊዜም ያንኑ ይጠይቃል፦ ራስ ሳይኖረው እንዴት ይሮጣል? ትልልቆቹ «ነፍሱ እስክትወጣ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የልጁ ጥያቄ ግን የተሻለ መልስ ይገባዋል። ያቺ አፍታ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታሳያለች። አንደኛው፣ እግርን እያፈራረቁ የማንቀሳቀስ ችሎታ ከራስ በታች፣ በሰረሰር ውስጥ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ራስ የሌለው ሩጫ መድረሻ እንደሌለው ነው። አይቆምም፣ አይዞርም፣ ግድግዳ አይሸሽም። መቼ ልነሳ፣ በምን ፍጥነት ልሂድ፣ የት ልቁም የሚለው ከላይ መምጣት አለበት። ከላይ የሚመጣው ነገር በየትኛው መንገድ እንደሚወርድ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በአይጥና በአይጠ መጎጥ ላይ ነው።

ገመድ ብለን የጠራነው

ቋንቋችን ሰረሰርን በሙሉ ስሙ ህብለ ሰረሰር ይለዋል። ህብል ማለት ገመድ ነው። ስሙን ስንሰማ አንድ ወጥ ነገር በዓይነ ልቦናችን ይመጣል፤ ከተበጠሰ የተበጠሰ፣ ካልተበጠሰ ያለ። ገመድ የገመደ ሰው ግን የሚያውቀው ሌላ ነው። ገመድ የብዙ ክሮች ጥምረት ነው። ግማሾቹ ተበጥሰው ግማሾቹ ሊተርፉ ይችላሉ።

ገመዱ ከአንጎል ጋር የሚገናኝበት ቦታ የአንጎል ግንድ ይባላል። በሰው ላይ ውፍረቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይርቅም። ሐኪሞች አንድ ሰው በሕይወት መኖር አለመኖሩን ሲመረምሩ የሚፈትሹት ይህንን ስፍራ ነው፤ መተንፈስን፣ የልብ ምትን፣ እንቅልፍና ንቃትን የሚቆጣጠሩት ሕዋሳት እዚህ ተጨናንቀው ይኖራሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የአንጎል ግንድ የእርምጃ አዛዥም መሆኑን ነው።

ሰረሰር በራሱ መራመድን እንደሚያውቅ እ.ኤ.አ. በ1911 ያሳየው ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ ብሪታኒያዊ ተመራማሪ ነው። የድመቶች ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ከተለየ፣ ከእግር ወደ ሰረሰር የሚመጣው ስሜትም ከተቋረጠ በኋላ የእግር ጡንቻዎች እርምጃ በሚመስል ምት ሲፈራረቁ አየ። ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ሺክ፣ ሴቬሪንና ኦርሎቭስኪ የተባሉ የሞስኮ ተመራማሪዎች ከአንጎሏ የላይኛው ክፍል የተለየች ድመት በሚሽከረከር መሮጫ ላይ አቁመው የአንጎል ግንዷን አንድ ትንሽ ቦታ በደካማ ኤሌክትሪክ ነኩ። ድመቷ መራመድ ጀመረች። ኤሌክትሪኩን ሲጨምሩ ሶመሶመች፤ ሲያጠነክሩት ጋለበች።

> የመራመድ ዕውቀት ከታች አለ፤ የመሄድ ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል።

እንግዲህ አዛዡም ታዛዡም ታወቁ። በመካከላቸው ያለው ግን ጨለማ ነበር። ትእዛዙን ወደ ሰረሰር ከሚያወርዱት ሕዋሳት ብዙዎቹ የሚገኙበት የአንጎል ግንድ ክፍል በላቲን «መረብ» ከሚል ቃል የመጣ ስም አለው፤ ሬቲኩላር ይሉታል። ስሙ ተስማሚ ነው። ትልልቅና ትንንሽ ሕዋሳት ያለ ድንበር ተሰበጣጥረው፣ ክሮቻቸው እርስ በርስ ተቆላልፈው ይታያሉ። የትኛው ሕዋስ ክሩን ወደ ታች እንደሚልክ፣ የትኛው ለጎረቤቱ ብቻ እንደሚናገር በዓይን መለየት አይቻልም።

ቦሎቄ፣ ኮሌራ፣ የእብድ ውሻ በሽታ

ነጭ ጋቢ ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው ከሺህ ክሮች መካከል አንዷ ከየት ተነስታ የት እንደምታልቅ ይፈልጉ ቢባሉ ምን ያደርጋሉ? ክሮቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ድሩ ከማጉ ተጠላልፏል። ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ አንዷን ክር ቀለም አስነክሮ ቀለሙ እስከ ሌላው ጫፍ ሲሄድ መከተል። የነርቭ ካርታ ታሪክ ለክር የሚስማማ ቀለም የመፈለግ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ጭካኔ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1850 ኦገስተስ ዎለር የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ ከሕዋሱ የተለየው የክር ጫፍ ቀስ በቀስ እንደሚበሰብስ አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎች መንገድን የሚያውቁት በማፍረስ ሆነ፤ አንድ ቦታ ይቆርጡና ብስባሹን እየተከተሉ ይሄዱ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ ተለወጠ። ነርቭ በሕይወት እያለ በክሩ ውስጥ ዕቃ ያመላልሳል፤ ከሕዋሱ ወደ ጫፍ፣ ከጫፍም ወደ ሕዋሱ። ይህን ትራንስፖርት መሳፈር የሚችል ነገር ከተገኘ መቁረጥ አያስፈልግም። ከአንድ የሚያቃጥል ሥር የሚወጣ ኢንዛይም ከክሩ ጫፍ ሲሰጥ ወደ ሕዋሱ ተመልሶ ሲጓዝ ታየ። በ1984 ደግሞ ከቦሎቄ የተገኘ ፕሮቲን በተቃራኒው፣ ከሕዋሱ ወደ ጫፍ እንደሚሄድ ታወቀ። በስምጥ ሸለቆ አርሶ አደሮች የሚያመርቱት ያው የቦሎቄ ዝርያ በቤተ ሙከራ የነርቭ ማቅለሚያ ሆነ። ከኮሌራ መርዝ ጉዳት የማያደርሰው ክፍል ተለይቶ እንዲሁ ለዚሁ ሥራ ዋለ።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። በሽታው በአገራችን ዛሬም ሰው ስለሚገድል ጠባዩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የተነከሰ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ክር ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ፣ ከአንዱ ሕዋስ ወደሚያዘው ሕዋስ እየተሻገረ ወደ አንጎል ይገሰግሳል። ለሰው መቅሰፍት የሆነው ይህ ችሎታ ካርታ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ነገር ነው። ቫይረሱ «ይህን ሕዋስ የሚያዘው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በራሱ ጉዞ ይመልሳል።

ችግሩ መቆም አለማወቁ ነበር። አንድ ደረጃ ከተሻገረ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ቀለም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሶልክ ተቋም ተመራማሪዎች ለመሻገር የሚረዳውን የቫይረሱን ጂን አውጥተው፣ የጎደለውን ፕሮቲን በመረጡት የመጀመሪያ ሕዋስ ውስጥ ብቻ አስቀመጡለት። ቫይረሱ አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ እዚያ ሲደርስ የመሻገሪያው ፕሮቲን የለም፤ ይቆማል። እንግዲህ የአንድን ሕዋስ ቀጥተኛ አዛዦች ብቻ ነጥሎ ማየት ተቻለ።

> ለሰው መቅሰፍት የሆነው ችሎታ ካርታ ለሚሠራ ሰው መንገድ ጠቋሚ ሆነ።

ከጠረጴዛው ላይ

ሥራው ሲታይ ከሳይንስ ልብ ወለድ ይልቅ የጥልፍ ሥራን ይመስላል። አይጧ በማደንዘዣ ተኝታለች። ራሷ ወዲህ ወዲያ እንዳይል በብረት ማቀፊያ ተይዟል። ተመራማሪው የጭንቅላቷ አጥንቶች የሚጋጠሙበትን ነጥብ ፈልጎ መነሻ ያደርገዋል። ከዚያ ነጥብ ምን ያህል ወደ ኋላ፣ ምን ያህል ወደ ጎን፣ ምን ያህል ወደ ጥልቀት እንደሚሄድ የሚነግሩት የአንጎል አትላሶች አሉ። ፓክሲኖስና ዋትሰን በ1982 ያሳተሙት የአይጠ መጎጥ አንጎል አትላስ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

በሙቀት ተስቦ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዒላማው ህብለ ሰረሰር ከሆነ በሁለት አከርካሪዎች መካከል ባለች ክፍተት ይገባል። የሚሰጠው ቀለም ከአንድ ጠብታ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ቱቦው ወዲያው አይወጣም፤ ቀለሙ ተከትሎት እንዳይፈስ ደቂቃዎች ይጠበቃል። ቁስሉ ይሰፋል፣ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፣ አይጧ ወደ ሞቀ ሣጥኗ ትመለሳለች። ከዚያ ቀናት ወይም ሳምንታት መጠበቅ ነው። ቀለሙ በራሱ ፍጥነት ይጓዛል እንጂ አይታዘዝም።

ጊዜው ሲደርስ አይጧ በከባድ ሰመመን ውስጥ እንዳለች ሕይወቷ ያልፋል፤ ደሟ በሚያደርቅ ፈሳሽ ይተካል። የሚወጣው አንጎል ከትልቅ የባቄላ ፍሬ አይበልጥም። በስኳር ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ስኳሩን ሲጠጣ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ያኔ በረዶ ሳይሰነጥቀው ሊቀዘቅዝ ይችላል ማለት ነው። ቀዝቅዞ ከፀጉር በቀጠነ ስስ ቅርፍ ይከተፋል።

በዚህ ሥራ ያረጁ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች ስለ ብሩሽ አብዝተው ያወራሉ። እያንዳንዱ ቅርፍ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይነሳል፣ በመስታወት ላይ ይዘረጋል፣ ሳይታጠፍ ይደርቃል። አንዱ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የወራት ድካም የተሳሳተ ካርታ ይወልዳል። ለዚህ ነው ብዙዎች ከመክተፋቸው በፊት በአንደኛው ጎን ትንሽ ምልክት የሚቀርጹት። ከዚያ መብራት ይጠፋል። በማይክሮስኮፑ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ ነጥቦች ያበራሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ክሯን እስከ ሰረሰር የዘረጋች አንድ ሕዋስ ናት።

በቅርቡ ደግሞ መክተፍ የማያስፈልግበት ዘዴ መጥቷል። ብርሃንን የሚበትነው በአንጎል ውስጥ ያለው ስብ ነው። ስቡ በኬሚካል ሲታጠብ አንጎሉ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ስስ የብርሃን ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል፤ ኮምፒውተር ነጥቦቹን ባሉበት ይቆጥራል። በአሜሪካ፣ ሚልዋኪ የሚገኘው የማርኬት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ መንገድ ከመላው የአይጥ አንጎል ወደ ሰረሰር የሚወርዱትን ሕዋሳት በየሰፈራቸው ቆጥሮ ለሁሉም ክፍት አድርጓል።

«ሂድ»፣ «ቁም»፣ «ዙር»

የተለያዩ መንገዶች የተለያየ ሥራ እንዳላቸው መጀመሪያ በግልጽ የታየው በዝንጀሮዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሎረንስና ኮይፐርስ ከአንጎል ግንድ የሚወርዱ ሁለት ዋና ዋና መስመሮችን ለያይተው መረመሩ። መካከለኛው መስመር የተጎዳባቸው ዝንጀሮዎች ቀና ብለው መቀመጥም መራመድም ተሳናቸው፤ እጃቸው ግን ምግብ ይጨብጥ ነበር። የጎኑ መስመር የተጎዳባቸው ይራመዳሉ፤ እጃቸውን ለብቻው ማዘዝ ግን ከበዳቸው። አንዱ መስመር ለአቋምና ለእርምጃ፣ ሌላው ለእጅ ነበር።

በአይጦች ላይ የተሠራው የዘመናችን ካርታ ይህን ሥዕል እስከ ሕዋስ ዓይነት ድረስ ዘርዝሮታል። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ባልደረባ የነበረው ኦሌ ኪን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በ2015 በአንጎል ግንድ ውስጥ አንድ የሕዋስ ዓይነት ለየ። በቀጭን የመስታወት ክር ብርሃን ልከው ሕዋሳቱን ሲቀሰቅሱ የምትራመደው አይጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ብርሃኑ ሲጠፋ ጉዞዋን ቀጠለች። እንግዲህ መቆም የትእዛዝ ማለቅ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ የራሱም መልእክተኛ አለው። በ2020 ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ ሕዋሳት በአንድ ጎን ብቻ ሲቀሰቀሱ አይጧ ወደዚያው ጎን ስትዞር ታየ።

በባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ የሲልቪያ አርበር ቡድን መንገዱን ከታች ወደ ላይ ሄደበት። የፊት እግርን ጡንቻዎች የሚያዙ የሰረሰር ሕዋሳትን መነሻ አድርገው፣ በዚያ አንድ እርምጃ ብቻ በሚሻገር ቫይረስ አዛዦቻቸውን ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል አንዲት ጠባብ ሰፈር አገኙ። የዚህች ሰፈር ሕዋሳት ሥራ ሲያቆሙ አይጧ እንደ ወትሮዋ ትራመዳለች፤ እጇን ሰድዳ ምግብ ማንሳት ግን ያቅታታል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው የ2017 ግኝታቸው ነው። በአንዲት ሌላ የአንጎል ግንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ተቀላቅለው ይኖራሉ። አንዱ ዓይነት ፈጣን ሩጫን ያስነሳል፤ ሌላው ይገታል። ሁለቱን በአንድ ላይ ሲቀሰቅሷቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ ያፍነዋል፤ ሰፈሩ ሥራ የሌለው ይመስላል። ለየብቻ ሲያነጋግሯቸው ግን አንዱ «ሩጥ»፣ አንዱ «ቁም» ይላል። ያ መረብ የተባለው፣ ለብዙ ዘመን ድፍርስ የመሰለው ስፍራ ድፍርስ አልነበረም። እኛ ነን ሁሉንም በአንድ ድምፅ ስንጠራ የኖርነው።

> መቆም የትእዛዝ ማለቅ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው።

የተረፉት

መኪና ይገለበጣል። ከሕንፃ መወጣጫ የባህር ዛፍ ርብራብ ይለቃል። የአከርካሪ ቲቢ ቀስ ብሎ አጥንት ይበላል። በሆስፒታል ኮሪደር የቆመ ቤተሰብ ሐኪሙን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም?» ጥያቄው ከስሙ የመጣ ነው። ገመድ ነው ብለናል፤ ገመድ ደግሞ ወይ ተበጥሷል ወይ አልተበጠሰም።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ እንደሆነ ያውቃሉ። ህብለ ሰረሰር በአብዛኛው የሚጎዳው በመጨፍለቅ ነው እንጂ በስለት በመቆረጥ አይደለም። ዳር ዳር ያሉ ክሮች ሊተርፉ ይችላሉ፤ ሰውየው እግሩን ማንቀሳቀስ ባይችልም እንኳ። ሁለት ሰዎች በምስል አንድ ዓይነት የሚመስል ጉዳት ደርሶባቸው አንደኛው ከወራት ልምምድ በኋላ ሲቆም ሌላው የማይቆመው ለምን እንደሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ዘወትር ይጠይቃሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የተረፉት ክሮች ማንነት ሊሆን ይችላል። «ሂድ» የሚለው ከተረፈ አንድ ነገር ነው፤ «ቁም» የሚለው ብቻ ከተረፈ ሌላ ነው። የሚልዋኪው ቡድን በተለያየ መጠን የተጎዱ አይጦችን አንጎል በኬሚካል አጥቦ፣ ከየሰፈሩ የተረፉትን ሕዋሳት ቆጥሮ ከእንስሳቱ አካሄድ ጋር ያስተያየው ይህን በማሰብ ነው።

በሎዛን፣ ስዊዘርላንድ፣ በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ የተረፉት ምን ማድረግ እንደሚችሉ አሳይቷል። ሰረሰራቸው ክፉኛ የተጨፈለቀ አይጠ መጎጦች ከአንጎል ቅርፊት፣ ማለትም ከአንጎል የላይኛው ሽፋን፣ በቀጥታ ወደ ታች የሚወርደውን መስመር ሙሉ በሙሉ አጥተው ነበር። ከአንጎል ግንድ የሚወርዱ ጥቂት ክሮች ግን ተርፈዋል። በኤሌክትሪክና በመድኃኒት ድጋፍ ረጅም ልምምድ ሲሰጣቸው፣ የአንጎል ቅርፊት ትእዛዙን በአንጎል ግንድ በኩል ማዞር ተማረ። ዋናው መንገድ ሲዘጋ አሮጌው የእግር መንገድ አገልግሎት ሰጠ።

ካርታው ያልታሰበ ቦታም ጠቁሟል። የሎዛን ተመራማሪዎች ከጉዳት በኋላ በሚያገግሙ አይጦች መላውን አንጎል ሲቃኙ፣ ከረሃብና ከንቃት ጋር የምናውቀው ሃይፖታላመስ በእርምጃ መመለስ ላይ ድርሻ እንዳለው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እንዳስታወቁት፣ ከፊል ጉዳት ላለባቸው ሁለት ሰዎች በዚያ ቦታ ቀጭን ኤሌክትሮድ ተተክሎላቸው አካሄዳቸው ተሻሽሏል። ሁለት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ያለ ካርታው ማንም እዚያ ባልፈለገ ነበር።

አይጥ ሰው አይደለችም

በዚህ ሙያ ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች ስለ ግኝታቸው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚናገሩት ልዩነቱን ነው። በአይጥ ከአንጎል ቅርፊት የሚወርደው ዋና መስመር በሰረሰሩ ጀርባ በኩል ያልፋል፤ በእኛ ግን በጎን ነው። ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ብዕር የሚይዙ ጣቶቻችን ከአንጎል ቅርፊት ቀጥተኛ ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፤ አይጥ ይህ የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከአይጥ የተገኘ የእጅ ካርታ በሰው እጅ ላይ እንዳለ አይገለበጥም። የአንጎል ግንድ ግን ጥንታዊ ነው። መሠረታዊ አሠራሩ ከዓሣ እስከ ሰው ዝምድና አለው፤ የመራመድ ካርታ ተስፋ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእንስሳቱ ጉዳይም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ አንባቢ ይህን ሲያነብ «ስለ እኛ ሲባል?» ብሎ እንደሚያዝን አውቃለሁ፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት ሕግ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራል፤ በሌላ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል። አንድን አንጎል ሙሉውን ማየት መቻል ከቁጥሩ ቅነሳ አንዱ መንገድ ነው፤ ቀድሞ ለየሰፈሩ ሌላ ሌላ እንስሳ ያስፈልግ ነበር። ከእያንዳንዷ አይጥ የሚገኘውን ዕውቀት አሟጦ መጠቀምና ለሌላው ክፍት ማድረግ የዕዳው አከፋፈል ነው ብዬ አምናለሁ።

የሐሰት ተስፋም ሌላ በደል ነው። የተጎዳ ሰረሰርን እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ የለም። በየማስታወቂያው «ነርቭ እናድሳለን» ለሚሉት ገንዘቡን የሚከፍል ቤተሰብ ይህን በግልጽ ሊሰማ ይገባል። ካርታ መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን የት እንደሚታከም ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት፣ የት እንደሚተከል ሳይታወቅ የሚተከል ኤሌክትሮድ ዕድልን መሞከር ነው።

በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠዋት የሚደረገውን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ባለሙያዋ ከታካሚው እግር ስር ተንበርክካ «አውራ ጣትህን አስበው» ትለዋለች። እሱ ጣሪያውን እያየ ያስባል፤ ግንባሩ ያልበዋል። እናቱ ዳር ቆማ ጣቱን ትመለከታለች። ትእዛዙ ከአንጎሉ ተነስቷል፤ የአንጎል ግንዱ ደርሷል፤ ከዚያ በታች ያሉት መልእክተኞች እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው እንደተረፈ፣ የትኛው መንገዱን እየፈለገ እንዳለ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ዛሬ ሊነግራት አይችልም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አረንጓዴ ነጥብ የሚቆጥረው ሰው ሥራ ወደዚያ መልስ ያመራል፤ አንድ ቀን እናትየዋ «ተቆርጧል ወይ?» ብላ በመጠየቅ ፈንታ «ማን ተረፈለት?» ብላ ጠይቃ በስም የሚመልስላት ሐኪም እንድታገኝ።